ትምህርትና የሰውነት ሚዛን

በዩኒቨርሲቲ ለሚማሩና ልጆቻቸውን ወደዚያ ለሚልኩ የተዘጋጀ የጤና ትምህርት

ፈተናውን አልፎ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት የሚለውጠው የመኖሪያ ስፍራውን ብቻ አይደለም። የሚበላውን ምግብ፥ የሚተኛበትን ሰዓት፥ በቀን የሚራመደውን መንገድ ሁሉ አብሮ ይለውጣል። በወላጆቹ ቤት ሳለ ውሃ ይቀዳ፥ ከብት ይጠብቅ፥ ወደ ትምህርት ቤትም በእግሩ ይመላለስ የነበረ ልጅ፥ ዛሬ ከማደሪያው እስከ መማሪያው ክፍል ጥቂት ተራምዶ ከወንበር ላይ ይውላል፤ ሲመሽም ከመጽሐፍና ከስልክ ፊት ይቀመጣል። አእምሮው ሲደክም ይውላል፤ ሰውነቱ ግን ሥራ ይፈታል። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ ሳያስበው ይወፍራል፤ ሌላው ደግሞ ምግቡ ስላልተስማማው ወይም አሳብ ስለ በዛበት ይከሳል።

ይህ ነገር በወላይታ ሶዶ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከተማችን ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የሚመጡ ወጣቶችን ስትቀበል ኖራለች። ከእነዚህም በቀር በክረምት ወራትና በቅዳሜና እሑድ ትምህርታቸውን የሚያሻሽሉ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አሉ። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቹ ወይ ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ወይ ደግሞ ያስተማሩትንና ያሳደጉትን ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልኩ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን፥ ሰው እየተማረ ሰውነቱን እንዴት ብርቱ አድርጎ እንደሚጠብቅና ክብደቱ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ እንዴት እንደሚቀንስ እናስረዳለን።

ከሁሉ አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንዲታወቅ እንወዳለን። ክብደትን መቀነስ ማለት መራብ ማለት አይደለም፤ ለሰው ሁሉ የታዘዘ ነገርም አይደለም። የማያስፈልገው ሰው ቢቀንስ ይታመማል፤ የሚያስፈልገውም ሰው በክፉ መንገድ ቢቀንስ ጤናውንም ትምህርቱንም ይጎዳል። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ ይህን አሳብ ለማብራራት ነው።

1ኛ፤ ስለ ውፍረትና ስለ ክሳት ያለን ልማድ

በአገራችን ወፍሮ የታየን ሰው «ተመችቶሃል» ብለን ደስታችንን እንገልጽለታለን። የከሳውን ደግሞ «ምነው ከሳህ? ምን አገኘህ?» ብለን እናዝንለታለን። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ረኀብን ያየ ሕዝብ ክሳትን ይፈራል። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ችግር በወላይታ የሚያስታውሱ ዛሬም ብዙ ናቸው፤ የበልግ ዝናብ በዘገየ ጊዜም የስኳር ድንቹ ምርት ሲቀንስ የገበሬው ቤት እንደሚጨነቅ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሰውነት ሙላት የጥጋብና የጤና ምልክት ተደርጎ ቢቆጠር የሚያስደንቅ አይሆንም።

በሌላ በኩል ደግሞ በዘመናችን በስልክ መስኮት የሚመጣ ሌላ ትምህርት አለ። ይኸውም ቀጭን ሰው ሁሉ ያማረ፥ ሙሉ ሰው ሁሉ ሰነፍ አድርጎ የሚያሳይ፥ በአንድ ወር 15 ኪሎ የሚያስቀንስ መድኃኒት አለኝ እያለ የሚነግድ ነው። ወጣት ተማሪዎቻችን በእነዚህ በሁለቱ አሳቦች መካከል ቆመው ይገኛሉ። አያታቸው ቤት ሲሄዱ ከሳችሁ ይባላሉ፤ ማደሪያቸው ሲመለሱ ወፈራችሁ ይባላሉ።

የአገራችን እውነተኛ ሁኔታ ከሁለቱም የተለየ ነው። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች መካከል ከመቶው 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ ሆነው ሲገኙ፥ ከሚገባው በላይ የወፈሩት ከመቶው 8ቱ ነበሩ። ውፍረት የሚበዛውም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነበር። እንግዲህ በአንድ መማሪያ ክፍል ውስጥ መወፈር የሚገባቸውና መቀነስ የሚገባቸው ተማሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ምክር ለሌላው መርዝ ነው። በሌላ አገር ለወፈሩ ሰዎች የተጻፈውን ምክር የከሳች ተማሪ አንብባ ብትፈጽመው ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

2ኛ፤ ሳይለኩ መፍረድ አይገባም

ሰው ወፍሮ እንደ ሆነ ወይም ከስቶ እንደ ሆነ የሚታወቀው በመስታወት ወይም በጓደኛ አፍ ሳይሆን በመለኪያ ነው። መለኪያውም ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የክብደትና የቁመት ምጣኔ ይባላል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የሰውየው ክብደት በኪሎ ግራም ይመዘናል፤ ቁመቱ በሜትር ይለካል። ከዚያም ቁመቱ በራሱ ይባዛና ክብደቱ ለተገኘው ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ሰውየው ከስቷል፤ ከ18.5 ጀምሮ 25 እስከሚሞላ ድረስ ደኅና ነው፤ ከ25 ጀምሮ 30 እስከሚሞላ ከልክ በላይ ክብደት አለው፤ 30ና ከዚያ በላይ ከሆነ እጅግ ወፍሯል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ተማሪዎችን እንውሰድ። የመጀመሪያዋ ክብደቷ 68 ኪሎ ግራም፥ ቁመቷ 1.60 ሜትር ነው። 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56 ይሆናል፤ 68 ለ2.56 ሲካፈል 26.6 ይመጣል። ይህች ተማሪ ጥቂት ኪሎ ብትቀንስ ይጠቅማታል። ሁለተኛዋ ክብደቷ 48 ኪሎ ግራም፥ ቁመቷ 1.64 ሜትር ነው። 1.64 በ1.64 ሲባዛ 2.69 ያህል ይሆናል፤ 48 ለ2.69 ሲካፈል 17.8 ይመጣል። ይህች ተማሪ ሆዷን ወይም ጉንጯን በመስታወት አይታ ወፍሬአለሁ ብትልም፥ እውነቱ ግን ክብደት መጨመር የሚገባት መሆኑ ነው። መቀነስ ብትጀምር ያለ ጥርጥር ትጎዳለች።

ይህ ስሌት ለአካለ መጠን ለደረሱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዕድሜያቸው 19 ዓመት ላልሞላ ወጣቶች በዕድሜያቸው የተሠራ ሌላ ሰንጠረዥ ስላለ፥ በጤና ጣቢያ መለካት ይሻላቸዋል። ለነፍሰ ጡርም አያገለግልም። ጡንቻው በሥራ ወይም በስፖርት የዳበረ ሰውም ሳይወፍር ቁጥሩ ከፍ ሊልበት ይችላል።

ሁለተኛው መለኪያ ሚዛን እንኳ የማይጠይቅ ነው፤ አንድ ሲባጎ ይበቃዋል። ሲባጎውን ከራስ ጠጉር እስከ ተረከዝ ለክተው በቁመትዎ ልክ ይቁረጡት። ከዚያም ሁለት እጥፍ ያድርጉትና በወገብዎ ዙሪያ፥ በእምብርት ትይዩ፥ ሆድዎን ሳያስገቡ ያዙሩት። የታጠፈው ሲባጎ ወገብዎን ዞሮ ከተገናኘ መልካም ነው። ሳይገናኝ ከቀረ ግን በሆድዎ ውስጥ ስብ በዝቷል ማለት ነው። በሆድ ውስጥ የሚጠራቀም ስብ ለስኳር በሽታ፥ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም መንገድ የሚጠርግ ስለ ሆነ፥ በጭንና በዳሌ ላይ ከሚገኘው ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። መምህራን ይህን የሲባጎ መለኪያ በክፍላቸው ቢያስተምሩት ሒሳብም ጤናም በአንድነት ያስተምራሉ።

3ኛ፤ የተማሪ ውፍረት ከየት ይመጣል?

ምግብ ለሰውነት እንደ ማገዶ ነው። የገባው ማገዶ ከሚነደው በበለጠ ጊዜ ሰውነት ትርፉን በስብ መልክ ያስቀምጠዋል። የማገዶው መጠን በምግብ ትምህርት በካሎሪ ይቆጠራል። ተማሪን የሚያወፍረው ብዙውን ጊዜ ዋናው ምግብ ሳይሆን ሳይታወቅ በመካከል የሚገባው ነው።

ሻይን እንመልከት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 16 ካሎሪም ይሰጣል። በአንድ ብርጭቆ ሻይ 3 ማንኪያ ስኳር እየጨመረ በቀን 4 ጊዜ የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ፥ ማለት 48 ግራም ስኳር ጠጥቷል፤ ይህም 192 ካሎሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጨመር ስኳር የሚገኘው ካሎሪ በቀን ከሚያስፈልገው ከአሥር አንዱን እጅ እንዳያልፍ ይመክራል፤ ይህም በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 50 ግራም ነው። እንግዲህ ይህ ተማሪ በሻይ ብቻ ወደ ወሰኑ ደርሷል። በዚያ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢጨምርበት፥ 30 ግራም ያህል ስኳር ስላለበት ወሰኑን አለፈ ማለት ነው። ከመንገድ ዳር የሚገዛው ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ ደግሞ ዘይት የጠጣ ነው፤ የስብ አንድ ግራም 9 ካሎሪ ሲሰጥ፥ የስኳርና የዱቄት አንድ ግራም የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። ቢራና ሌላም መጠጥ እንዲሁ ከስካሩ በላይ ብዙ ካሎሪ ይሰጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የሰውነት ሥራ መፍታት ነው። ዛሬ በሶዶ ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ መናኸሪያው ወይም እስከ ገበያው በእግር የሚሄደው እያነሰ፥ ባጃጅ የሚጠብቀው እየበዛ ነው። መቀመጥ ብቻውን ጉዳት እንዳለው የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ በለንደን አውቶቡሶች የሚሠሩትን ሰዎች አጥንቶ ነበር። ሾፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ቲኬት ቆራጮቹ ደግሞ የባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። ሁለቱም በአንድ መኪና፥ በአንድ ከተማ ይሠራሉ፤ በልብ ሕመም የሚጠቁት ግን ሾፌሮቹ ይበዙ ነበር። ተማሪም በተቀመጠበት እንደ ሾፌሩ ነውና ይህን ያስተውል።

በአሜሪካ አገር አዲስ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 15 ፓውንድ፥ ማለት ወደ 7 ኪሎ ግራም ያህል ይጨምራል የሚል አነጋገር አለ። በጥናት ሲመረመር ግን አማካዩ ጭማሪ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ቁጥር አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በየዓመቱ ሳይታወቅ ቢደጋገም፥ ተማሪው በሚመረቅበት ቀን የገባበት ልብስ አይበቃውም። ቀስ ብሎ የመጣውም ቀስ ተብሎ እንጂ በአንድ ወር አይወጣም።

4ኛ፤ መራብ ትምህርትን ያጠፋል

ክብደቱ መብዛቱን ያወቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው አጭሩን መንገድ ነው። ቁርሱን ይተዋል፤ ምሳውንም ይዘላል፤ ሎሚ በባዶ ሆዱ ይጠጣል፤ ስብ ያቀልጣል የተባለ ሻይ ከገበያ ይገዛል። ሎሚ ስብን አያቀልጥም። ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ሆድን የሚያስቀምጡ ናቸው፤ ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰውም ውሃው ነው እንጂ ስቡ አይደለም። ውሃ በጠጣ ጊዜ ክብደቱ ይመለሳል፤ ሰውነት ያጣው ጨው ግን ልብን ሊያውክ ይችላል።

ረኀብ በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በግልጽ ያሳየ አንድ ጥናት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945፥ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባለ ሊቅ፥ ፈቃደኛ የሆኑ 36 ጤናማ ወጣት ወንዶችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ያህል ምግብ ብቻ እንዲኖሩ አደረገ። ሰዎቹ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህሉን ቀነሱ። የደረሰባቸው ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ብርድ አልችል አሉ፤ ኃይላቸው ደከመ፤ ተቆጪና ኀዘንተኛ ሆኑ፤ አሳባቸውን በአንድ ነገር ላይ ማኖር ተሳናቸው። ሌት ተቀን የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹም ስለ ወጥ አሠራር የሚናገሩ መጻሕፍትን ያነቡ ጀመር። ምግቡ በተፈቀደላቸው ጊዜም መጥገብ አቅቷቸው ከልክ በላይ እየበሉ፥ ብዙዎቹ ከቀድሞው የበለጠ ስብ አበጁ።

ተማሪ ከዚህ ሊማር የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ተርቦ ያጠና ሰው ገጹን ይገልጣል እንጂ አያነብም። ሁለተኛ፥ በመራብ የቀነሰ ክብደት ስብ ይዞ ይመለሳል።

ስለ ጫትም ሳንናገር አናልፍም። አንዳንድ ተማሪ ሌሊት ለማጥናት፥ አንዳንዱም የምግብ ፍላጎቱን ለመቀነስ ጫትን ይይዛል። ጫት በውስጡ ባለው ካቲኖን በሚባል ነገር የተነሣ ረኀብንና እንቅልፍን ለጊዜው ያባርራል፤ ነገር ግን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ልብን ያፈጥናል፤ በማግሥቱም ድካምና መጫጫን ያመጣል። በፈተና ሳምንት የተጀመረው ልማድ ከፈተናው በኋላም አይለቅም።

በሃይማኖት የሚጾም ሰው ከዚህ የተለየ ነው፤ አሳቡ ለነፍሱ ነው እንጂ ለወገቡ አይደለምና። ሆኖም የሚጾም ተማሪ ጾሙን በሚፈታበት ሰዓት በሽሮ፥ በምስር፥ በጎመንና በውሃ ይፍታው እንጂ በዘይት በተጠበሰ ነገርና በለስላሳ አይፍታው ብለን እንመክራለን።

5ኛ፤ ምን ይበላ?

መቀነስ የሚገባው ሰው በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ግራም ቢቀንስ ይበቃዋል። ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ አምስት እጁን፥ ለምሳሌ ከ80 ኪሎ 4 ኪሎ ቢቀንስ እንኳ የደም ግፊቱና በደሙ ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ይሻሻላል። ለዚህም የሚከተለውን ያድርግ።

ሀ) በቀን ሦስት ጊዜ፥ ሰዓቱን ጠብቆ ይብላ። ቁርስ የተወ ሰው በ4 ሰዓት ቦምቦሊኖ ይፈልጋል።

ለ) የሻዩን ስኳር ከ3 ማንኪያ ወደ 2፥ በሁለተኛው ሳምንት ወደ 1 ያውርድ። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል። ለስላሳን ለበዓል ያቆየው፤ ለጥማት ንጹሕ ውሃ ይጠጣ።

ሐ) በተማሪዎች መመገቢያ ከሚቀርበው ውስጥ የሽሮውንና የምስሩን ወጥ አይናቅ። ጥራጥሬ ሥጋን የሚያጠነክር ፕሮቲን አለው፤ ሆድንም ለረጅም ጊዜ ያጠግባል። የሚቀንሰው ከወጡ ሳይሆን ከእንጀራው ወይም ከዳቦው ላይ ይሁን። ምግብ ሁለተኛ ከማንሣቱ በፊትም 15 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ሆድ መጥገቡን ለአእምሮ የሚያስታውቀው ዘግይቶ ነውና።

መ) የወላይታን ምግብ በሚገባ ይጠቀምበት። ቆጮና ቡላ፥ ጎደሬና ስኳር ድንች ኃይል ሰጪዎች ናቸው፤ በተለይ ከእንሰት የሚገኘው ምግብ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለ ሆነ ብቻውን አይበቃም። ከቦሎቄ፥ ከአይብ፥ ከጎመን ወይም ከሽፈራው ቅጠል ጋራ ሲበላ ግን የተሟላ ይሆናል። እናቶቻችን በቆሎን ከጎመንና ከቦሎቄ ጋራ አድርገው የሚሠሩት ኩርኩፋ ለተማሪ የሚስማማ ምግብ ነው። በመክሰስ ሰዓትም ከቦምቦሊኖ ይልቅ ሙዝ፥ ማንጎ ወይም አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ይሻላል።

ሠ) ሶዶ በጥሬ ሥጋና በዳጣ የታወቀች ከተማ ናት። ዳጣው ሆድ ለሚችለው ሰው ጉዳት የለውም። ጥሬው ሥጋ ግን የኮሶ ትል ያመጣል፤ ስለዚህ ሥጋ በሚገባ በስሎ ይበላ። ኮሶ ቢያከሳኝ ይጠቅመኛል ብሎ የሚያስብ ቢኖር እጅግ ተሳስቷል፤ ትሉ የሚበላው የሰውየውን ምግብ ነው እንጂ የሰውየውን ስብ አይደለም።

ክብደት መጨመር የሚገባው ተማሪ ደግሞ ይህንኑ ምግብ መጠኑን ከፍ አድርጎ ይብላ። በመካከሉም አቮካዶ፥ በሶ፥ ኦቾሎኒ፥ እንቁላልና ወተት እንዳቅሙ ይጨምር። ለስላሳና ቦምቦሊኖ ለከሳ ሰውም አይጠቅሙም።

6ኛ፤ ሰውነትን ስለ ማሠራት

በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ውድድር ባስወጣው ጊዜ የሶዶ ሕዝብ ሁሉ ተደስቶ ነበር። ነገር ግን የሮጡት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ እኛ ተቀምጠን ነበርን። ስፖርትን መውደድና ስፖርትን መሥራት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ አካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል፤ በሳምንት ሁለት ቀንም ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲጨምርበት ያዝዛል። መካከለኛ የሚባለው እንቅስቃሴ ሰው እየተራመደ መናገር የሚችልበት፥ መዝፈን ግን የማይችልበት ፍጥነት ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት በፍጥነት መራመድ ነው። ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም፤ እንዲያውም ባጃጅ ይተርፋል።

መንግሥትም ይህን ችላ አላለውም። በ2012 ዓ.ም. በአዲስ መልክ በተዘጋጀው የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ውስጥ የአካል ብቃት ትምህርት እንዲገባ ተደርጓል። ከዚያ ቀደም ብሎም ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ እንዲሄድና ስፖርት እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። የቀረው የእያንዳንዳችን ፈቃድ ነው።

ለሳምንት የሚሆን ሥርዓት እንዲህ ሊዘጋጅ ይችላል።

ከሰኞ እስከ ዓርብ፤ ጧት ከትምህርት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት በፍጥነት መራመድ።

ማክሰኞና ሐሙስ፤ በማደሪያ ውስጥ ቁጭ ብድግ 10 ጊዜ፥ ፑሽ አፕ የቻሉትን ያህል፥ ገመድ ዝላይ 2 ደቂቃ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ መደጋገም።

ቅዳሜ፤ ከጓደኞች ጋራ ኳስ መጫወት ወይም ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ በእግር ወጥቶ መመለስ።

እሑድ፤ ዕረፍት።

በሚያጠኑበት ጊዜም በየሰዓቱ ተነሥቶ አምስት ደቂቃ ያህል መንቀሳቀስ አይረሳ።

እዚህ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። አንደኛ፥ ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች፥ ከቆላ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይጀምር። ሁለተኛ፥ በባዶ እግር አይሩጥ። በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር ማበጥ የሚያመጣ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ወላይታም ይህ ሕመም ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። ጫማ ያድርግ፤ ሲመለስም እግሩን በሳሙና ታጥቦ ያድርቅ። ሦስተኛ፥ በተለይ ሴቶች ተማሪዎች ብቻቸውን ሳይሆን በኅብረት፥ በብርሃን ሰዓት ይውጡ። በኅብረት የሚራመድ ሰው ደኅንነቱም ይጠበቃል፤ ልማዱንም ቶሎ አይተውም።

7ኛ፤ እንቅልፍ

ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት እንደ ትጋት ይቆጠራል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2004 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ጤናማ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት በአልጋ ላይ 4 ሰዓት ብቻ እንዲቆዩ አድርገው ደማቸውን መርምረው ነበር። ረኀብን የሚቀሰቅሰው ንጥረ ነገር በደማቸው ውስጥ ከፍ ብሎ፥ መጥገብን የሚያስታውቀው ደግሞ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የተመኙትም ጣፋጭና ጨው የበዛበት ምግብ ነበር። እንግዲህ እንቅልፍ ያጣ ተማሪ በማግሥቱ አብዝቶ ቢበላ ሰውነቱ ስላዘዘው ነው። አካለ መጠን ለደረሰ ወጣት በየሌሊቱ ከ7 እስከ 9 ሰዓት እንቅልፍ ይገባዋል። ስልኩን ከራስጌው አርቆ ያስቀምጥ፤ ቡናም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አይጠጣ።

8ኛ፤ ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው ማን ነው?

ሳይፈልግ የከሳ ሰው ደስ አይበለው። ሳይራብና ሳይሠራ ክብደቱ የሚቀንስ ተማሪ በፍጥነት ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ወይም ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በተለይም ከክሳቱ ጋራ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፥ የሌሊት ላብና ትኩሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ከክሳቱ ጋራ ጥማትና ሽንት መብዛት ካለ ደግሞ የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሳይዘገይ ሊታይ ይገባዋል። የወር አበባዋ ከክሳት የተነሣ የተቋረጠባት ተማሪ፥ እንዲሁም ምግብ በልቶ በስውር የሚያስመልስ ወይም መብላትን የፈራ ተማሪ ሕመምተኛ ነው እንጂ ግትር አይደለም፤ ተግሣጽ ሳይሆን ሕክምና ያሻዋል።

9ኛ፤ ለመምህራንና ለወላጆች

መምህር በክፍል ውስጥ ስለ ተማሪ ገላ አይቀልድ፤ ሌሎችም ሲቀልዱ ዝም አይበል። «ዱባ» ወይም «ስንጥር» ተብሎ የተጠራ ልጅ ስፖርት አይጀምርም፤ ከሰው ፊት ይሸሻል እንጂ። የስፖርት ሰዓትንም ለሌላ ትምህርት ማካካሻ አያድርገው። ወላጅም ልጁ ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመለስ የመጀመሪያው ቃሉ ስለ ክብደቱ አይሁን፤ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግቡ ተስማማህ ወይ?» ብሎ ይጠይቀው። በጊፋታ በዓል የተደረገለት ግብዣ አንድ ቀን ነው፤ በቀሩት ቀኖች የሚበላበትና የሚራመድበት ሥርዓት ነው ሰውነቱን የሚሠራው።

ማጠቃለያ

አስቀድሞ መለካት፤ ሰዓት ጠብቆ መብላት፤ ስኳርንና ዘይትን መቀነስ፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ፤ በቂ እንቅልፍ መተኛት፤ ሳይፈልጉ የሚመጣን ክሳት ለሐኪም ማሳየት። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው። ወላጅ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልከው ዕውቀት ይዞ፥ ጤናውንም ጠብቆ እንዲመለስ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

በክፍል ውስጥ ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ክብደቱ 54 ኪሎ ግራም፥ ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ የ21 ዓመት ተማሪ የክብደትና የቁመት ምጣኔው ስንት ነው? ክብደት ይቀንስ ወይስ ይጨምር?

2. በሳምንት ውስጥ የምትጠጡትን ሻይና የምትጨምሩበትን ስኳር ቁጠሩ። በቀን ስንት ግራም ይሆናል?

3. በመራብ የቀነሰ ክብደት ለምን ይመለሳል?

4. ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? በሳምንት 150 ደቂቃ ለመሙላት ምን ይጎድላችኋል?